ቤቱ የናንተ፣ መሬቱ የማህበሩ፦ የማህበረሰብ የመሬት ትረስት አቋቋምና አጠባበቅ

በማህበረሰብ የመሬት ትረስት አሠራር ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት መሬቱን ይይዛል፣ በመርህ ደረጃም አይሸጠውም። በላዩ ያለውን ቤት ግን አቅማቸው ለገበያ ዋጋ ለማይደርስ ቤተሰቦች ይሸጣል። ገዢው ቤቱን በስሙ ያዛውራል፣ ከባንክ ይበደርበታል፣ ለልጆቹ ያወርሰዋል፤ መሬቱን በ99 ዓመት ሊዝ ይይዛል። ሲሸጥ በውሉ ላይ በሰፈረው ቀመር ከሚወጣው ዋጋ በላይ መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ቀጣዩ ገዢም ገቢው መጠነኛ የሆነ ሰው ይሆናል፣ ከሱ ቀጥሎ የሚመጣውም እንዲሁ።

የኢትዮጵያን የከተማ ቦታ ሊዝ ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው፤ ቤቱ የግል፣ መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በትረስቱ ግን አከራዩ መንግሥት ሳይሆን ነዋሪዎቹ ራሳቸው በቦርዱ የሚቀመጡበት ድርጅት ነው፤ የመሸጫ ዋጋውም ጣሪያ አለው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መመሪያው የተጻፈው አሜሪካ ውስጥ ለሚገኙ የኮሚኒቲ ማህበራት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የሰፈር ቡድኖች ነው። ብዙ ቡድን ጉልበቱን መሬት ፍለጋ ላይ ይጨርሳል። ትረስት የሚቆመውም የሚወድቀውም ግን በሊዝ ውሉ፣ በመሸጫ ቀመሩና ቤቶቹ ከተሸጡ በኋላ በሚደረገው ክትትል ነው። መሬቱ የሚመጣው ከነዚህ በኋላ ነው።

አዲስ ከማቋቋማችሁ በፊት

በከተማችሁ ትረስት መኖር አለመኖሩን አጣሩ። ሲያትል ውስጥ ሆምስቴድ እና አፍሪካታውን፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዳግላስ፣ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ሲቲ ኦቭ ሌክስ፣ ዴንቨር ውስጥ ኤሌቬሽን፣ አትላንታ ውስጥ አትላንታ ላንድ ትረስት አሉ። ሐበሻ በብዛት የሚኖርባቸው ከተሞች መሆናቸውን ልብ በሉ።

ካለ፣ አዲስ ከማቋቋም ከነሱ ጋር መሥራት በአብዛኛው ይሻላል። ምክንያቱን ሒሳቡ ያሳያል። ትረስት ከቤት ባለቤቶቹ የሚሰበስበው ወርሃዊ የመሬት ክፍያ አነስተኛ ነው፤ 50 ዶላር ነው እንበል። 20 ቤት ያለው ትረስት በዓመት 12,000 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ይህ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ቀርቶ መድንን፣ የሒሳብ ምርመራንና የጠበቃን ወጪ እንኳ ላይሸፍን ይችላል። ብቻውን የቆመ ትንሽ ትረስት እስኪያድግ ድረስ በየዓመቱ እርዳታ ሲለምን ይኖራል።

ከነባር ትረስት ጋር ስትነጋገሩ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። መሬት ካላችሁ መሬቱን፣ ከሌላችሁ ደግሞ በአማርኛ የሚሰጥ የቤት ገዢዎች ትምህርትንና ገዢዎችን የማሰባሰብ አቅም ይዛችሁ ቅረቡ። እነሱ የሊዝ ውሉን፣ የባንክ ግንኙነቱንና ሠራተኛውን ያመጣሉ። በስምምነቱ ላይ በቦርዱ መቀመጫ ጠይቁ፤ የቃል ተስፋ ሥራ አስኪያጁ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

አዲስ ማቋቋም የሚያዋጣው በአካባቢው ትረስት ከሌለ፣ ወይም ያለው ወደ እናንተ ሰፈር የማይመጣ ከሆነ ነው። ያኔም ቢሆን ቢያንስ አንድ እርግጠኛ የመሬት ምንጭ ወይም የከተማው አስተዳደር የገንዘብ ቃል በእጃችሁ ይኑር።

ድርጅቱና ቦርዱ

በክልላችሁ፣ ማለትም በስቴቱ ሕግ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሆናችሁ ተመዝገቡ። ቀጥሎ ለፌደራሉ የግብር መሥሪያ ቤት (አይአርኤስ) በፎርም 1023 የ501(ሲ)(3)፣ ማለትም ከግብር ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ዕውቅና ትጠይቃላችሁ፤ ክፍያው 600 ዶላር ነው። ማመልከቻው ድርጅቱ በተመዘገበ በ27 ወር ውስጥ ከገባ ዕውቅናው ከምዝገባው ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። በዓላማ አንቀጹ ላይ “ለማህበረሰባችን ቤት ማቅረብ” ብላችሁ አታልፉ። አይአርኤስ የሚፈልገው የበጎ አድራጎት ዓላማ ነው፦ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ቤት ማቅረብ፣ የተጎዳ ሰፈርን መልሶ ማቋቋም። ዕውቅናው ከተገኘ በኋላ ዓመታዊውን ፎርም 990 ወይም አጭሩን ዓይነት አትዝለሉ። ሦስት ዓመት በተከታታይ ያላቀረበ ድርጅት ዕውቅናው በሕግ ራሱ ይሰረዛል፤ መሬት ለያዘ ድርጅት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ቦርዱ በተለምዶ በሦስት ይከፈላል። አንድ ሦስተኛው በትረስቱ መሬት ላይ የሚኖሩ የሊዝ ባለመብቶች፣ አንድ ሦስተኛው በአካባቢው የሚኖሩ ሌሎች አባላት፣ የቀረው ደግሞ የከተማው አስተዳደር ሰዎች፣ የባንክና የቤት ባለሙያዎች፣ የሃይማኖት ተቋማት ተወካዮችና የመሳሰሉት ናቸው። የአሜሪካ ኮንግረስ በ1992 ባወጣው ሕግ የማህበረሰብ የመሬት ትረስትን ሲተረጉም ይህንኑ መሠረት አድርጎ፣ ቦርዱ አብዛኛው በአባላት የሚመረጥና የሊዝ ባለመብቶች የሚካተቱበት እንዲሆን ደንግጓል። ክፍፍሉ ትርጉም አለው። የቤት ባለቤቶቹ ብቻቸውን ቢወስኑ አንድ ቀን የዋጋ ጣሪያውን አንስተው ለመሸጥ ይፈተናሉ። ባለሙያዎች ብቻቸውን ቢወስኑ ደግሞ ነዋሪው ተራ ተከራይ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ላይ የሊዝ ባለመብት ስለሌለ፣ መቀመጫዎቹ ቤቶቹ እንደተሸጡ ወዲያው እንደሚሞሉ ደንቡ ይግለጽ።

በደንቡ ውስጥ ሁለት አንቀጾች እንዲጠነክሩ ጠበቃችሁን አሳስቡ። አንደኛው መሬት መሸጥ የሚቻለው በቦርዱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና በሊዝ ባለመብቶቹ ተጨማሪ ስምምነት ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። ሁለተኛው ድርጅቱ ቢፈርስ መሬቱ ተመሳሳይ ዓላማ ላለው ሌላ ድርጅት ወይም ለከተማው እንደሚተላለፍ ይወስናል። በማህበሮቻችን የቦርድ ጠብ ፍርድ ቤት መድረሱ ያልታየ ነገር አይደለም፤ ጠቡ ሲነሳ መሬቱ የጠቡ ሽልማት እንዳይሆን የሚከለክሉት እነዚህ ሁለት አንቀጾች ናቸው።

የመጀመሪያው ዋጋ

ዋጋው የሚነሳው ከገዢው ገቢ ነው፤ ከግንባታ ወጪው አይደለም። በምሳሌ እንየው። ገዢው ቤተሰብ በዓመት 86,000 ዶላር ያገኛል እንበል፤ በወር 7,167 ገደማ ይሆናል። 32 በመቶውን ለቤት ያውላል ካልን 2,293 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ የንብረት ግብር 275፣ መድን 125፣ የመሬት ሊዝ 50 ዶላር ሲቀነስ ለባንክ 1,843 ይቀራል። በ6.5 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት ይህ ክፍያ 291,000 ዶላር ገደማ ብድር ይሸከማል። 9,000 ዶላር ቅድመ ክፍያ ሲጨመር የቤቱ ዋጋ 300,000 ይሆናል።

ቤቱና መሬቱ በገበያ 480,000 ዶላር ካወጡ ክፍተቱ 180,000 ነው። ይህን የሚሸፍነው ገንዘብ ከብዙ ቦታ ይለቀማል፦ በነፃ ወይም በቅናሽ የተገኘ መሬት፣ የከተማና የስቴት የቤት ፈንድ፣ በከተማው በኩል የሚመጣው ሆም የተባለው የፌደራል ገንዘብ፣ የፌደራል ሆም ሎን ባንኮች የቤት ፕሮግራም፣ ፋውንዴሽኖች። እያንዳንዱ የራሱ ቀነ ገደብና የገቢ ወሰን አለው፤ ሆም ለምሳሌ ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ 80 በመቶ በታች ላሉ ብቻ ነው። የተለያዩ ምንጮችን ስታዋህዱ ጥብቁ ደንብ ሌሎቹንም ይገዛል።

እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። ገዢው ከ80 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ ዋጋውም ለ80 በመቶ ገቢ ተሰልቶ ይወጣል። ያኔ ለቤቱ የሚበቃው ልክ በወሰኑ ላይ የቆመ ሰው ብቻ ይሆናል። ከሱ በላይ ያለው በደንቡ አይፈቀድለትም፣ በታች ያለው ብድሩን አይችለውም፣ ቤቱ ወራት ሙሉ ገዢ አጥቶ ይቆማል። ወሰኑ 80 ከሆነ ዋጋውን ለ65 ወይም ለ70 አስሉት።

የንብረት ግብሩንም ሳትሸጡ በፊት ጨርሱ። የካውንቲው ገማች ግብሩን በ300,000 ሳይሆን በ480,000 ቢያሰላ፣ በ1.1 በመቶ ምጣኔ በወር 165 ዶላር ጭማሪ ይመጣል። ያ ጭማሪ ብቻውን ገዢው መበደር የሚችለውን በ26,000 ዶላር ያህል ይቀንሰዋል። እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ ስቴቶች ገማቹ የትረስቱን የዋጋ ገደብ ከግምት እንዲያስገባ በሕግ ያስገድዳሉ። በሌላ ቦታ ገማቹ ቢሮ ውሉን ይዞ ሄዶ ማስረዳትና ውሳኔውን በጽሑፍ መቀበል ያስፈልጋል።

የመሸጫ ቀመሩ

ቦርዱ ረጅም ጊዜ ሊወስድበት የሚገባው ጉዳይ ይህ ነው። ቀመሩ ሁለት ሰዎችን እኩል ማየት አለበት፦ ሻጩን፣ ባዶ እጁን እንዳይሄድ፤ ቀጣዩን ገዢ ደግሞ፣ ዋጋው እንዳያመልጠው።

በሰፊው የታወቀው ቀመር በግምት ላይ የተመሠረተው ነው። በቨርሞንት ስቴት በርሊንግተን ከተማ በ1984 ከከተማው አስተዳደር 200,000 ዶላር ተሰጥቶት የተመሠረተው፣ ዛሬ ሻምፕሌን ሃውሲንግ ትረስት የሚባለው ድርጅት በዚህ ይሠራል፤ የቤቱ ግምት ሲጨምር ከጭማሪው 25 በመቶው የባለቤቱ ነው። ያንኑ ምሳሌያችንን እንቀጥል። ከስምንት ዓመት በኋላ የገበያ ግምቱ ከ480,000 ወደ 600,000 ቢያድግ ጭማሪው 120,000 ነው፤ ሩቡ 30,000። ስለዚህ ቤቱ በ330,000 ይሸጣል።

ሻጩ ምን ይዞ ይወጣል? በስምንት ዓመት ከብድሩ ዋና ገንዘብ 33,000 ያህል ከፍሏል፤ ቀሪ ዕዳው 258,000 ነው። ከ330,000 ላይ ሲቀነስ የሽያጭ ወጪ ሳይታሰብ 72,000 ዶላር ይቀረዋል፦ ያስገባው 9,000፣ የከፈለው 33,000 እና የጭማሪ ድርሻው 30,000። ቀጣዩ ገዢ ደግሞ ገበያው 600,000 የሚያወጣለትን ቤት በ330,000 ያገኛል። መጀመሪያ የገባው 180,000 ዶላር ድጋፍ፣ አንድ ብር ሳይጨመርበት፣ የ270,000 ሥራ እየሠራ ነው።

ሌሎች አማራጮችም አሉ። በቋሚ ምጣኔ፣ ለምሳሌ በየዓመቱ 1.5 በመቶ፣ የሚያድገው ቀመር 300,000ውን በስምንት ዓመት ወደ 338,000 ያህል ያደርሰዋል። ጥቅሙ ግልጽነቱ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ያለ ገማች በስልኩ ሊያሰላው ይችላል። ጉዳቱ ገበያው ሲወርድ ቀመሩ ዝም ብሎ መውጣቱ ነው፤ ለዚህም “ከቀመሩና ከገበያ ግምቱ ዝቅተኛው” የሚል ሐረግ ይጨመርበታል። ሦስተኛው የአካባቢውን መካከለኛ ገቢ የሚከተለው ነው። ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን ወለድን አያይም። 300,000 ዶላር ብድር በ3 በመቶ ወለድ በወር 1,265 ዶላር ይከፈልበታል፤ በ7 በመቶ 1,996። ዋጋው ባለበት ቆሞ ክፍያው በ731 ዶላር ሲዘል፣ ገቢ ስለጨመረ ዋጋውንም መጨመር ቀጣዩን ገዢ ከነጭራሹ ይዘጋበታል።

የኛ ምክር ይህ ነው፦ ለአዲስ ትረስት ቋሚ ምጣኔ ከዝቅተኛው ሐረግ ጋር ይበጃል። ለገዢ በአማርኛ አስረድቶ ማስፈረም ይቀላል፣ በሽያጭ ቀንም ስለ ግምት የሚነሳውን ክርክር ያስቀራል። የትኛውንም ብትመርጡ ከመፈረሙ በፊት በሦስት ሁኔታ ሞክሩት፦ ገበያው በ40 በመቶ ሲጨምር፣ በ15 በመቶ ሲወርድ፣ ወለድ በሁለት ነጥብ ሲጨምር። በየሁኔታው ሻጩ የሚያገኘውንና የቀጣዩን ገዢ ወርሃዊ ክፍያ በሠንጠረዥ አስቀምጡ። አንዴ ከተፈረመ በኋላ ለየቤቱ የተለያየ ቀመር መያዝ ክትትሉን ያመሰቃቅላል።

ማሻሻያ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ከዚህ ይመነጫል። ባለቤቱ 25,000 ዶላር አውጥቶ ኩሽና ያድሳል፤ ሲሸጥ 25,000ው እንዲመለስለት ይጠብቃል። ውሉ አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር አለ፦ የመኝታ ክፍል ወይም መታጠቢያ ቤት መጨመር የሚታሰብ ማሻሻያ ነው፤ ጣሪያ መቀየር፣ ቀለምና የውሃ ማሞቂያ ጥገና ናቸው። የሚታሰበው ትረስቱ አስቀድሞ በጽሑፍ የፈቀደው ብቻ ይሁን፤ የሚመለሰውም የወጣው ገንዘብ ሳይሆን በገማች አስተያየት ቤቱ ላይ የጨመረው ዋጋ ይሁን።

መሬቱ

ከከተማ አስተዳደር የሚተላለፉ ባዶ ቦታዎች፣ ግብር ሳይከፈልባቸው ተወርሰው በካውንቲ እጅ ያሉ ይዞታዎች፣ በስጦታ የሚገኙ፣ የሃይማኖት ተቋማት መሬቶች፤ ዋነኞቹ ምንጮች እነዚህ ናቸው። ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ያላቸው ቤተ ክርስቲያኖቻችን ትልቅ ዕድል አላቸው። ካሊፎርኒያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የሃይማኖት ተቋማት በመሬታቸው ላይ ለዝቅተኛ ገቢ የሚሆን ቤት ሲሠሩ ሰፊውን የዞን ፈቃድ ሂደት እንዳያልፉ የሚያደርግ ሕግ አላት። ቤተ ክርስቲያኑ መሬቱን ከመስጠቱ በፊት ግን የባለቤትነት ሰነዱ በማን ስም እንዳለ ይጣራ፦ በአጥቢያው፣ በሀገረ ስብከቱ ወይስ በቀድሞ የቦርድ አባል። የሰበካ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ብቻውን መሬት አያስተላልፍም።

የሚገዛ ከሆነ በቀጥታ ግዢ አትግቡ። ለባለቤቱ መጠነኛ ክፍያ ሰጥታችሁ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ወር በተቆረጠ ዋጋ የመግዛት መብት ያዙ። በዚያ ጊዜ የባለቤትነት ታሪኩን፣ ዞኑን፣ የፍሳሽና የውሃ መስመሩን፣ እንዲሁም ፌዝ ዋን የሚባለውን የአካባቢ ብክለት ጥናት አስጨርሱ። ቀድሞ ነዳጅ ማደያ ወይም የልብስ ደረቅ እጥበት ቤት የነበረበት ቦታ በነፃ ቢሰጥም ውድ ነው። ባለቤት በሆናችሁበት ቀን የጽዳቱ ኃላፊነት ወደ እናንተ ሊዞር ይችላል፤ ጥናቱ ከግዢው በፊት መደረጉ በሕግ የመከላከያ መንገድ ይከፍታል።

መሬቱን በዕዳ አታስይዙ

የዚህ አሠራር ፈር ቀዳጅ ኒው ኮሚዩኒቲስ የተባለው፣ በ1969 በጆርጂያ ስቴት በጥቁር ገበሬዎችና በሲቪል መብት ታጋዮች የተመሠረተው ድርጅት ነው። ከመሥራቾቹ መካከል ቻርልስ ሼሮድና ሸርሊ ሼሮድ ይገኙበታል። 5,700 ኤከር ያህል መሬት ገዝቶ ነበር፤ መሬቱ ግን በዕዳ የተያዘ ነበር። ድርቅ ሲመጣ የጠየቀው የፌደራል የድንገተኛ ብድር ተጓተተበት፣ በ1985ም መሬቱ በዕዳ ተወሰደ። ብድር ላይ የተፈጸመው የዘር መድልዎ ታይቶ 12 ሚሊዮን ዶላር ያህል ካሳ የተፈረደለት በ2009 ነው። ፍትሕ ከ24 ዓመት በኋላ መጣ፤ ያ መሬት ግን ሄዷል።

ስለዚህ የግንባታ ብድር ስትወስዱ መሬቱ መያዣ ሆኖ ከገባ፣ እያንዳንዱ ቤት ሲሸጥ ከስሩ ያለው መሬት ከመያዣው ነፃ የሚወጣበትን መጠንና ቀን በውሉ አስጽፉ። የገዢው የቤት ብድር ደግሞ ቤቱንና የሊዝ መብቱን ብቻ መያዝ አለበት። ግዢው በሚጠናቀቅበት ቀን የባለቤትነት ሰነዶችን የሚያጣራው የታይትል ኩባንያ ከልማድ የተነሳ መሬቱን ጭምር በመያዣ ሰነዱ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ሰነዱ ላይ ያለውን የንብረት መግለጫ የትረስቱ ጠበቃ ቃል በቃል ያንብብ፤ የሊዝ ውሉ አጭር ማስታወሻም በካውንቲው መዝገብ ከመያዣው በፊት ይመዝገብ።

ባንኩ

አበዳሪው የሚፈራው ገዢው መክፈል ቢያቅተው በዋጋ ጣሪያ የታሰረ ቤት እጁ ላይ እንዳይቀር ነው። የቤት ብድሮችን ከባንኮች የሚገዛው ፋኒ ሜይ ለዚህ ፎርም 2100 የሚባል ከሊዝ ውሉ ጋር የሚያያዝ ሰነድ አለው፤ ቤቱ በባንክ ከተወረሰ የዋጋ ገደቡ ይነሳል ይላል። ይህ ለትረስቱ አደጋ ነው፣ ያለሱ ግን ብድር ማግኘት ይከብዳል። መከላከያው በሊዝ ውሉ የሚገኙት ሦስት መብቶች ናቸው፦ ክፍያ ሲዘገይ ባንኩ ለትረስቱ እንዲያሳውቅ፣ ትረስቱ በገዢው ፈንታ ከፍሎ ጉድለቱን እንዲያስተካክል፣ ቤቱ ከተወረሰም ቀድሞ የመግዛት ዕድል እንዲያገኝ። መብቱ ያለ ገንዘብ ወረቀት ነው፤ ቢያንስ የሁለት ወይም የሦስት ቤት የስድስት ወር ክፍያ የሚሆን መጠባበቂያ ለብቻው በባንክ ይቀመጥ።

ከመጀመሪያው ሽያጭ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ የሊዝ ውላችሁን በሁለት ወይም በሦስት አበዳሪዎች አስመርምራችሁ አስጸድቁ። ገማቹም በሊዝ መሬት ላይ ያለ ቤት የገመተ ይሁን። አንድ ባንክ ብቻ ይዞ የተነሳ ትረስት ባንኩ ፖሊሲውን በቀየረ ማግስት ይቆማል።

ገዢዎቹ

ቤቶቹን ለሐበሻ ብቻ ማድረግ አይቻልም። የ1968ቱ ፌር ሃውሲንግ አክት በዘር፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር መምረጥን ይከለክላል። ማስታወቂያውን በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ ማውጣት፣ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽም እኩል ማውጣት ግን ትክክል ነው። ምርጫው በተጻፈ መስፈርትና በዕጣ ይሁን፤ የቦርድ አባል ዘመድ ካመለከተ አባሉ ከውሳኔው ይውጣ፣ ይህም በቃለ ጉባኤ ይስፈር።

ዕቁብ ለብዙዎቻችን የቅድመ ክፍያ ምንጭ ነው። ባንኩ ግን በሒሳቡ ላይ ድንገት የገባ 10,000 ዶላር ሲያይ ምንጩን ይጠይቃል። የፋኒ ሜይ መመሪያ የጋራ ቁጠባን ሰነድ እስካለው ድረስ ይቀበላል። ገዢው የዕቁቡን ዳኛ ፊርማ ያለበት ደብዳቤ፣ የአባላቱን የመዋጮ መዝገብና የራሱን መዋጮ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ያዘጋጅ። ዕጣው ከማመልከቻው ሁለት ወር ቀድሞ ሒሳቡ ውስጥ ቢገባ ይመረጣል፤ ዕጣው ከደረሰው በኋላ የሚቀረው መዋጮም እንደ ዕዳ ሊቆጠርበት እንደሚችል ይወቀው።

እያንዳንዱ ገዢ የትረስቱ ያልሆነ ጠበቃ ውሉን አንብቦለት፣ መረዳቱን ጠበቃው በደብዳቤ ያረጋግጥ። በተለይ ሦስት ነገር በአማርኛ ይነገረው። ቤቱን ማከራየት ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ በአጭር ጊዜ ኪራይ ድረ ገጾችም ጭምር። በዓመት ስንት ወር መኖር እንዳለበት ውሉ ይጽፋል፤ አገር ቤት ወላጅ ለማስታመም አምስት ስድስት ወር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ሦስተኛው ውርስ ነው፦ በብዙ ውሎች የትዳር ጓደኛና ልጆች ገቢያቸው ሳይጠየቅ ይወርሳሉ፣ የዋጋ ጣሪያው ግን አብሮ ይወረሳል።

ከቁልፍ ርክክብ በኋላ

በ2010 መጨረሻ፣ የአሜሪካ የቤት ቀውስ በበረታበት ጊዜ፣ በባንክ የመወረስ ሂደት ላይ የነበሩት የትረስት ቤቶች ብድሮች 0.46 በመቶ ነበሩ፤ በጠቅላላ ገበያው 4.63 በመቶ። ልዩነቱን የፈጠረው ብድሩ ከአቅም ያልበለጠ መሆኑ ብቻ አይደለም። ትረስቱ ወርሃዊ 50 ዶላሩ ሲቀር ስልክ ያነሳል። የሊዝ ክፍያው ትንሽ ሆኖ የሚሰበሰብበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ሥራ ያጣ፣ የታመመ ወይም ትዳሩ የተናጋ ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያቋርጠው ትንሹን ክፍያ ነው። 15 ቀን ሲያልፍ ደውሉ፣ 30 ቀን ሲሞላ ከሰውየው ጋር ቁጭ ብላችሁ የባንኩን ክፍያ ሁኔታ ጠይቁ፣ በፌደራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት (ሃድ) ዕውቅና ወዳለው የቤት አማካሪ ውሰዱት። ለዚህ ሥራ የአማርኛ ተናጋሪ ሠራተኛ ያስፈልጋል፤ እንግሊዝኛ ደብዳቤ ሳይከፈት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

በዓመት አንድ ጊዜ መድኑ መታደሱን፣ ግብሩ መከፈሉንና ባለቤቱ ቤቱ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። በመድን ፖሊሲው ላይ ትረስቱ ስሙ ይግባ።

ባለቤቱ መሸጥ ሲፈልግ በጽሑፍ ያሳውቃል። ትረስቱ ለመግዛት ወይም ገዢ ለማቅረብ በውሉ የተቆረጠለት ቀን አለው፣ ለምሳሌ 45 ቀን፤ ያ ቀን ካለፈ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ማስታወቂያው በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት የቤት ፍተሻ ይደረግ። ጣሪያው 20 ዓመት የሞላው ከሆነ ወይም ማሞቂያው ካረጀ፣ ጥገናው ከሻጩ ድርሻ ይቀነሳል ወይስ ከትረስቱ የጥገና መጠባበቂያ ይወጣል የሚለው በዚያው ሳምንት ይወሰን። ገዢ ከተገኘ በኋላ ከሆነ ሦስቱም ወገን ይጣላል። ከተጠባባቂዎች ዝርዝር ሁልጊዜ ቢያንስ አምስት ቤተሰብ ትምህርቱን ጨርሶ፣ የባንክ ቅድመ ፈቃድ ይዞ ይጠብቅ። አዲሱ ገዢ የድሮውን ሊዝ አይቀበልም፤ አዲስ የ99 ዓመት ውል ይፈርማል፣ ዘመኑም ከዚያ ቀን ይጀምራል።